ምዕራፍ 6፦ በቁጥር የተጠሩ መንደሮች

በ1977 ዓ.ም. ከወሎ ተነሥተው ወደ ወለጋ ቆላ የወረዱ ገበሬዎች የሰፈሩባቸው መንደሮች ስም አልነበራቸውም፤ ቁጥር ነበራቸው። መንደር 1፣ መንደር 2፣ መንደር 3 እየተባሉ ይጠሩ ነበር። በፕላኑ መሠረት ቤቶቹ በመስመር ይደረደራሉ፣ የጓሮ መሬት ለሁሉም እኩል ይሸነሸናል፣ መንገዱ ቀጥ ይላል፣ ክሊኒክና መጋዘን መሃል ላይ ይቆማሉ። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው ከዚህ የተሻለ መንደር አይገኝም ሊል ይችላል። ሆኖም ብዙ ሰፋሪ ከነዚህ መንደሮች በሌሊት ጠፍቶ ድርቅ ወዳባረረው አገሩ በእግሩ ተመልሷል። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ የተመላሹ ቁጥር ይበልጥ ጨመረ።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። ብዙዎቹ ወደው አልመጡም፤ ተገድደው የተጫኑ፣ ከቤተሰባቸው የተነጠሉ ነበሩ። በዚያ ዘመቻ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተጓጉዟል፤ ትልቁን ድርሻ የተቀበለችውም ወለጋ ነበረች። የቀሩት ሰዎች ታሪክ ግን ለዚህ መጽሐፍ ጥያቄ የበለጠ ያስተምራል። ከምንም ተነሥተው፣ በማያውቁት አየር፣ ቋንቋውን በማይሰሙት ሕዝብ መካከል፣ ቁጥር ብቻ የነበረውን ቦታ ሰው የሚኖርበት ሰፈር አደረጉት። ጥሩ ሰፈር ከምን እንደሚሠራ ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ ዘመናት ካስቆጠረ ሰፈር ይልቅ ትናንት ከተጀመረ ሰፈር ብዙ ይማራል። በአሮጌ ሰፈር ሁሉም ነገር ተደራርቦ የትኛው ምሰሶ የትኛውን እንደሚሸከም አይለይም። በአዲሱ ግን ምን ቀድሞ እንደመጣ፣ ምን ሲጎድል ምን እንደፈረሰ ይታያል።

አንገር ጉቲን ከነዚህ ቦታዎች አንዷ ናት። በምሥራቅ ወለጋ ዞን፣ በጊዳ አያና ወረዳ፣ ከነቀምቴ በስተሰሜን የምትገኝ የቆላ ከተማ ስትሆን፣ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ከ1977ቱ ዘመቻ በፊት ጀምሮ ሰፋሪ አስገብቶባታል። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች የወይና ደጋ ከተማ ናት፤ ከዚያ ወደ አንገር ሸለቆ የሚወርድ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ በቆሎ፣ ማሽላና ሰሊጥ ወደሚበቅልበት ሙቀት ይገባል። የአንገር ወንዝ ከዴዴሳ ተቀላቅሎ ወደ ዓባይ ይፈስሳል። ያን ጊዜ በመንግሥት ሰነድ «ባዶ መሬት» እየተባለ የተጻፈው ይህ ሸለቆ ባዶ አልነበረም። ጉሙዞች የሚያርሱበት፣ የሚያድኑበትና ማር የሚቆርጡበት፣ ኦሮሞዎች ከብት የሚያግዱበትና የሚዘሩበት አገር ነበር። አዲሱ ሰፈር የቆመው በሌሎች ሰዎች ደጃፍ ላይ መሆኑን ሳንረሳ እንቀጥል፤ በኋላ እንመለስበታለን።

የደጋ ሰው ቆላ ሲወርድ መጀመሪያ የሚገጥመው ወባ ነው። ሁለተኛው ገንዲ ነው፤ የቆላ ዝንብ ስትነድፍ የሚተላለፍ፣ ከብቱን አመንምኖ የሚገድል በሽታ። አንገርና ዴዴሳ ሸለቆ በገንዲ ስሙ የታወቀ ነው። እነዚህን ሁለት በሽታዎች ማንሣቴ ስለ ጤና ለመጻፍ አይደለም፤ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሊቋቋማቸው ስለማይችል ነው።

ወባን እንመልከት። አጎበር ለራስ ብቻ የሚጠቅም ይመስላል፤ እኔ ከተኛሁበት እኔን ይከላከላል። በምዕራብ ኬንያ የተደረገና በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር በሰፊው ከተሠራጨባቸው መንደሮች እስከ 300 ሜትር ርቀት የሚኖሩ፣ ራሳቸው አጎበር ያልነበራቸው ቤተሰቦችም ከባለአጎበሮቹ ጋር የሚቀራረብ ጥበቃ አግኝተው ተገኙ። በአጎበሩ ላይ ያረፈችው ትንኝ ስለምትሞት ወደ ጎረቤት ቤት አትሻገርም። በአንጻሩ ጎረቤቴ ከግቢው ጀርባ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ከተወ፣ የእኔ ልጅ ይታመማል። ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው ከጥር ወር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ተይዘዋል፣ 1157 ሰዎችም ሞተዋል፤ ከሕሙማኑም ከፍተኛው ድርሻ የኦሮሚያ ክልል ነበር። እንግዲህ በቆላ ከተማ ጥሩ ሰፈር ማለት፣ ክረምቱ ሲወጣ ሰው ሁሉ አካፋ ይዞ የቆመ ውሃ ለማፋሰስ የሚወጣበት ሰፈር ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን «ያንን ጉድጓድ ድፈነው» ለማለት የማይፈራበት፣ የተባለውም የማይቀየምበት ሰፈር ነው።

ገንዲም እንዲሁ ነው። በሬ የሞተበት ገበሬ ያለው ምርጫ ጥቂት ነው፤ ዶማ፣ ኪራይ፣ ወይም አንድ በሬ ከቀረው ጎረቤት ጋር መቀናጀት። አገሬው ቅንጃ የሚለው ይህ ዘዴ ሁለት ቤተሰቦችን ለአንድ የእርሻ ወቅት ያስተሳስራል። ማን ቀድሞ ያርሳል፣ በሬው ቢታመም ማን ያሳክማል የሚለውን ተነጋግረው መጨረስ አለባቸው። ደቦም አለ፤ ኦሮሞዎቹ ዳዶ የሚሉት ተራ በተራ የመረዳዳት ሥራም አለ። ስለ ፍቅር ማውራት አያስፈልግም። ሰዎች መጀመሪያ የተገናኙት ስለተፈላለጉ ነው፤ መዋደዱ በኋላ ይመጣል፣ አንዳንዴም አይመጣም። ያም ሆኖ ሰፈሩ ይሠራል።

ይህንን ቀስ በቀስ የሚሆን ነገር ቁጭ ብሎ ያየ ሰው አለ። አንትሮፖሎጂስቱ አሉላ ፓንክረስት በወለጋ ቄለም፣ ቄቶ በሚባለው የሰፈራ ጣቢያ፣ መንደር 3 ውስጥ ከሰፋሪዎች ጋር ኖሮ ያጠናውን በ1992 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትሟል። ከሥራው የምንረዳው ትልቅ ነገር፣ መንግሥት የሠራው መንደርና ሰዎቹ የሠሩት መንደር አንድ እንዳልነበሩ ነው። መንግሥት የአምራቾች ኅብረት ሥራና የሥራ ቡድን አደራጀ። ሰዎቹ ደግሞ ከወሎ ይዘውት የመጡትን አቋቋሙ፦ ሌላው አገር ዕድር የሚለውን፣ ሟች የሚቀብረውን ቅሬ፣ የክርስቲያኑን ማኅበርና ሰንበቴ፣ የሙስሊሙን ወዳጃ፣ ሁሉንም የሚያገናኘውን የቡና ተራ። ደርግ ሲሄድ ኅብረት ሥራው አብሮት ሄደ። ቅሬው ግን ቀረ። ከዚህ ቅሬ ተነሥቼ አንድ ነገር ደፍሬ እላለሁ፤ ሰው በአንድ ቦታ ኖሬያለሁ የሚለው ሲሞት ማን እንደሚቀብረው ያወቀ ዕለት ነው። ብዙዎቻችን ሰፈር ስንመርጥ ስለ ውሃ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ኪራይ እንጠይቃለን። የሰፈሩ ዕድር አዲስ ገቢን በምን ያህል መዋጮና በምን ያህል ጊዜ እንደሚቀበል መጠየቅ ግን ስለዚያ ሰፈር የበለጠ ይነግራል። እንግዳን ቶሎ የሚቀበል ዕድር ያለው ሰፈር የሚያድግ ሰፈር ነው።

ስለ ውሃ፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ወፍጮ ቤት ብዙ አልልም፤ ያለ እነርሱ ሰፈር የለምና። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቦኖና ወፍጮ ቤት የሚሰጡት ውሃና ዱቄት ብቻ አይደለም። ተራ መጠበቅ ያለበት ቦታ ሁሉ ሰው ከሰው የሚተዋወቅበት ቦታ ነው። ጥላና መቀመጫ ከሌለው ተራው ቅጣት ይሆናል፤ ካለው ግን ጨዋታ ይሆናል። ቦኖ የሚተክል ማዘጋጃ ቤት አብሮ አንድ ዛፍ ቢተክል ወጪው አይሰማውም፤ ጥቅሙን ግን ጀሪካን ይዘው የሚቆሙት ሴቶችና ልጆች በየቀኑ ያዩታል።

መንገድ ሌላ ጉዳይ ነው። ነቀምቴን ዓባይ ተሻግሮ ከጎጃሟ ቡሬ ጋር የሚያገናኘው መንገድ አንገር ጉቲንን አቋርጦ ያልፋል። ለሰሊጥ ነጋዴው፣ ለታማሚው፣ ዩኒቨርሲቲ ለገባው ልጅ መንገዱ ሕይወት ነው። ለሰፈር ግን ሁለት ፊት አለው። ዶናልድ አፕልያርድ የተባለ የከተማ ፕላን ምሁር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በሳን ፍራንሲስኮ ሦስት ተመሳሳይ መንገዶችን አወዳድሮ ነበር። በአንደኛው በቀን 2000 መኪና፣ በሁለተኛው 8000፣ በሦስተኛው 16000 መኪና ያልፋል። መኪና በሚያንስበት መንገድ ዳር አንድ ነዋሪ በአማካይ 3 ወዳጆችና 6.3 የሚያውቃቸው ሰዎች በመንገዱ ላይ ነበሩት። መኪና በሚበዛበት ወዳጆቹ 0.9፣ የሚያውቃቸው 3.1 ብቻ ሆኑ። ቤቶቹ ተመሳሳይ ናቸው፤ የለየው መኪናው ነው። ልጆች በር ላይ መጫወት ተዉ፣ ሰዎች ወደ ኋላ ክፍል ገቡ፣ ፊት ለፊት ያለው ቤት ማዶ ሆነ።

የወለጋ ከተሞች አብዛኞቹ በዋና መንገድ ግራና ቀኝ ተዘርግተው ያደጉ ናቸው፤ ጊምቢም፣ ነጆም። ምግብ ቤቱ፣ ጋራዡ፣ የሸቀጥ ሱቁ ሁሉ መንገዱን ይፈልጋል፤ ይህንን መከልከል አይቻልም፣ አይገባምም። የሚያሳዝነው ትምህርት ቤቱ ከመንገዱ በአንድ ወገን፣ ተማሪዎቹ በሌላ ወገን ሲሆኑ ነው። መንገድ ሲሠራ ከተማዋን ሁለት ቦታ የሚከፍላት ከሆነ፣ የፍጥነት መግቻና የእግረኛ መሻገሪያ ከአስፋልቱ እኩል የፕሮጀክቱ አካል መሆን አለበት።

ልጆችን ካነሣን፣ ሮበርት ሳምፕሰንና ባልደረቦቹ በ1995 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ያደረጉት ጥናት እዚህ ይጠቅማል። በ343 ሰፈሮች 8782 ሰዎችን ጠየቁ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ቀላል ነበር፦ ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተው መንገድ ጥግ ቆመው ብታዩ ጎረቤቶቻችሁ አንድ ነገር ያደርጋሉ ወይ? ጎረቤት እንደሚተማመንና እንዲህ ባለ ጉዳይ ጣልቃ እንደሚገባ የሚያምኑ ሰዎች በበዙበት ሰፈር፣ ድህነቱ ያው ሆኖ እንኳ፣ ጥቃትና ወንጀል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እኛ ያደግንበት «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ይኸው ነው። ጠያቂው ወላጄን የሚያውቅ ሰው ስለሆነ መልሱ ክብደት ነበረው። ይህ ጥያቄ የማይጠየቅበት ሰፈር፣ ግንቡ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ልጅ ለማሳደግ አስቸጋሪ ነው።

እስካሁን ያልነውን ሁሉ የሚሸከም አንድ ነገር አለ፤ ነገም እዚሁ ነኝ ብሎ ማመን። ይህ እምነት ካለ ሰው ጉድጓድ ይደፍናል፣ ለቅሬ ያዋጣል፣ የሰው ልጅ ይቆጣል። ከሌለ አንዱንም አያደርግም። እምነቱ መኖሩን በዓይን ለማየት የሚፈልግ ሰው በምሥራቅ ወለጋ ቆላ ማንጎ ይፈልግ። ከዘር የተተከለ ማንጎ ፍሬ ለመስጠት ብዙውን ጊዜ ከ5 ዓመት በላይ ይፈጃል። በቆሎ የዘራ ሰው ለዚህ ክረምት ያስባል፤ ማንጎ የተከለ ሰው ግን ልጆቹ እዚህ ግቢ እንደሚያድጉ አስቧል። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ያገኙ ገበሬዎች እርከን በመሥራትና አፈራቸውን በመጠበቅ ይበልጥ እንደሚደክሙ ጥናቶች ያሳዩት በዚሁ ምክንያት ነው። ሰው የማይነጠቀውን ያለማል።

ማንጎ ደግሞ የጎረቤት ዛፍ ነው። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ ጉቶ ጊዳ ወረዳ፣ ሎኮ በተባለ ቦታ፣ በአገራችን ከዚያ በፊት ያልታየ ተባይ ተገኘ፤ ቅጠሉና ፍሬው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ተጣብቆ ጭማቂውን የሚመጥጥ ተባይ። ከዚያ ወደ ሌሎች ወረዳዎችና ክልሎች ተዛመተ። ይህ ተባይ በንፋስና በችግኝ ከግቢ ወደ ግቢ ይሻገራል። አንድ ሰው ዛፉን ገርዞ ቢያጸዳ፣ አጥር ማዶ ያለው ካላጸዳ ድካሙ ከንቱ ነው። እንደ ትንኟ ሁሉ እርሱም አጥር አያውቅም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በዚያው ዞን በኪራሙ የደረሰውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በወቅቱ አስታውቋል፦ ታጣቂዎች በፈጸሙት ጥቃት ከ150 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ በተከታዮቹ ቀናት በተፈጸመ ብሔርን የለየ የበቀል ጥቃትም ከ60 በላይ ሰዎች ተገደሉ። በዚያና ከዚያ በኋላ በነበረው ጊዜ የምሥራቅ ወለጋ ሰው፣ አማራውም ኦሮሞውም፣ ከቤቱ ተሰደደ። አንገር ጉቲን ራሷ ተፈናቃይ የተጠለለባት፣ ኋላም ነዋሪዋ ለስደት የተዳረገባት ከተማ ሆነች። ስለ ጥሩ ሰፈር የሚጻፍ ምዕራፍ ይህንን ዘልሎ ማለፍ አይችልም።

ለዚህ መከራ ሰፈሩን ተጠያቂ ማድረግ ግፍ ነው። መሣሪያ ይዞ የመጣን ኃይል ቅሬና ቡና አያስቆሙትም፤ ያ የመንግሥት ግዴታ ነው። ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። አሹቶሽ ቫርሽኒ የተባለ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስድስት የሕንድ ከተሞችን በሦስት ጥንድ አወዳድሯል፤ በእያንዳንዱ ጥንድ የሂንዱና የሙስሊም ነዋሪው ድርሻ ተቀራራቢ ሲሆን፣ አንደኛው ከተማ በብጥብጥ የሚታመስ፣ ሌላው ሰላም የሰፈነበት ነው። ከጥንዶቹ በአንዱ፣ አሊጋርህ ሲቃጠል ካሊከት ለምን አልተቃጠለም? መልሱ ብዙዎቻችን ከምንገምተው ይለያል። በከተማ ደረጃ ሰላምታ መለዋወጥና ለበዓል መጠራራት ብቻውን አልበቃም። የለየው ሁለቱን ወገኖች በአንድ መዝገብ ያሰፈሩ ማኅበራት መኖራቸው ነው፤ የነጋዴ ማኅበር፣ የሠራተኛ ማኅበር፣ የንባብ ክበብ። ወሬ ሲናፈስ ሐሰት መሆኑን የሚያጣራው፣ ወጣቱን የሚቆጣው፣ ፖሊስን የሚያናግረው እንዲህ ያለ ድርጅት ነው፤ ምክንያቱም አባላቱ የሚያጡት የጋራ ነገር አላቸው።

ይህንን ይዘን የወለጋን መንደሮች ስንመለከት፣ ጥንካሬውም ስንጥቁም ይታያል። በ1977 ሁለት ዓይነት ሰፈራ ነበር። መደበኛ የሚባለው ሰፋሪውን ለብቻው በትልልቅ መንደር ሰበሰበ፤ ትራክተርም ክሊኒክም ሰጠው፣ ከአገሬው ግን ለየው። ስግሰጋ የሚባለው ደግሞ ሰፋሪውን በነባሩ ገበሬ መካከል አስገባ፤ ትራክተር የለም፣ ጎጆውን የሠራለትም ባለአገሩ ነበር፣ ብዙ ጊዜም ሳይጠየቅ በትእዛዝ። ሁለቱም ቅሬታ ፈጥረዋል። ይሁንና ስግሰጋው አንድ ነገር ነበረው፤ ጎረቤቱ የሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ነበር፣ በሬም ያለው እርሱ ነበር። መደበኛው መንደር ውስጡ ጠነከረ፤ ወደ ውጭ የሚዘረጋ ድልድዩ ግን በግለሰቦች ትከሻ ላይ ወደቀ፣ ልጅ በማስነሣት በተገናኙ አበልጆች፣ በጋብቻ፣ በገበያ ደንበኝነት። እነዚህ የከበሩ ዝምድናዎች ናቸው። ግን በየቤቱ የተበተኑ ናቸው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ሰብሳቢ የላቸውም። የጎደለው አማራው፣ ኦሮሞውና ጉሙዙ እኩል የሚመርጡበትና የሚመረጡበት የውሃ ኮሚቴ፣ የወላጅ መምህር ኅብረት፣ የሰሊጥ አምራቾች ማኅበር፣ ሁሉንም የሚቀብር ዕድር ነው።

ይህ የወለጋ ብቻ ጉዳይ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው ሰው ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር አንድ ደረጃ ይወጣል፤ ለቀብር ግን ዓመታት ቢያልፉም ወደ ድሮ ሰፈሩ ዕድር ይመለሳል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካዛንቺስ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዷል። አዲሱ ቤት ከአሮጌው የተሻለ ሽንት ቤትና ኩሽና ሊኖረው ይችላል፤ ይህንን የሚንቅ ሰው በአንድ ሽንት ቤት ብዙ አባወራ ሲጠቀም አላየም። የጎረቤቱ ዋጋ ግን በካሣ ስሌት ውስጥ አልገባም።

ወደ አንገር ጉቲንና ወደ ምሥራቅ ወለጋ ቀበሌዎች የሚመለሱ ተፈናቃዮች አሉ፤ ወደፊትም ይኖራሉ። ቤት ሊሠራላቸው፣ ቆርቆሮ ሊታደላቸው፣ መሬት ሊለካላቸው ይችላል። ይህንን ለሚያስፈጽሙ የወረዳና የዞን ኃላፊዎች፣ ለዕርዳታ ድርጅቶችም አንድ ልመና አለኝ። መዝገብ ስትከፍቱ ከቤተሰብ ብዛት ቀጥሎ ሁለት ጥያቄ ጨምሩ፦ ዕድርህ የት ነበር? ማን አጠገብህ ይሁን? ቤት በዕጣ አትደልድሉ፤ በጉርብትና ደልድሉ። ከደብተር በፊት ቆርቆሮ አትስጡ፤ ይዞታው ያልተረጋገጠለት ሰው ቆርቆሮውን ጠቅልሎ ለመሄድ ዝግጁ ሆኖ ይኖራልና። የመጀመሪያውን የውሃ ኮሚቴ ስታስመርጡም አማርኛም ኦሮምኛም የሚናገሩ፣ ነባሩንም ተመላሹንም የሚወክሉ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጣቸውን አረጋግጡ። ገንዘቡ ያው ነው፤ የሚለየው አሠራሩ ነው።